ከፍ ስላለ ነው ያነሰው

በየቤተሰቡ የሰው ስክሪን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አለ። የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ ገና አልነቃበትም ማለት ነው። ይህ ሰው ሊጠይቃችሁ ይመጣል፤ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ትከሻችሁን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ላይ ያርፋል። ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል፤ መልሱን ግን አይሰማም። ግንባሩ ይቋጠራል፣ አንገቱ ይሰግጋል፣ ወንበር ይሳባል፣ ከዚያም ያቺ የማትቀር ቃል ትወጣለች፤ "ይሄ ነገር አልጠራም።"

አራሚዋ ይህን ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም፤ አብራው ነው ያደገችው። እሷ ቤቷ ተቀምጣ ማተሚያ ቤት የሚልክላትን ረቂቅ እያነበበች የፊደል ግድፈት ስታድን የኖረች ሴት ናት። እሳቸው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ሰፈሩ "ጋሼ ጥራት" ይላቸዋል። መጀመሪያ ዞር ሲሉ ነበር የሚባለው፤ ኋላ ፊት ለፊት ሆነ፤ እሳቸውም እንደ ማዕረግ ተቀበሉት።

ክቡር ጋሼ ጥራት ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አገጩን በሁለት ጣት ወደ መብራቱ ቀና አድርገው፣ "አትተንፍስ" እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰዉ ሁሉ ፎቶ አንሺውን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፤ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ጥንቃቄም መሄጃ አጣ። እጃቸው ቤት ውስጥ የሚያስተካክለው ነገር ሲያጣ የግድግዳ ሥዕል ያቃና ነበር፤ ሥዕሎቹ ሁሉ ሲቃኑ ደግሞ መጋረጃ። ቤተሰቡ ጭንቅ ውስጥ ገባ። በዚህ መሀል አንድ የድሮ ደንበኛቸው፣ ሊጣል የወጣ ኮምፒውተር አይቶ፣ "ጋሼ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ቢጭኑበት ይነሳል" አላቸው። ጫኑበት። ተነሳ። እሳቸውም አብረው ተነሱ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የዘመድ አዝማዱ አሮጌ ማሽን ሁሉ ሊኑክስ ሆነ። አክስታቸው ለብዙ ጊዜ የሰው ስም ይመስላቸው ስለነበር፣ "ያ ሊኑክስ የምትሉት ልጅ ዛሬም አልመጣም? ምነው እኔን ጠላኝ?" ይሉ ነበር።

ጋሼ ጥራት ቦታ አይመርጡም። አንድ ጊዜ ልቅሶ ቤት ሄዱ። የሟች ፎቶ ለቀስተኛው እንዲያየው ትልቅ ስክሪን ላይ ተደርጓል። ሟች በሕይወት ሳሉ ሸንበቆ የሚያክሉ ሰው ነበሩ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ጉንጫቸው ወዲህና ወዲያ ሄዷል፣ ትከሻቸው የበር ስፋት አክሏል። ለቀስተኛው አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ጋሼ ጥራት አንገታቸውን አልደፉም። ተቁነጠነጡ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ፤ በመጨረሻ ወደ ሟች ባለቤት ጆሮ ጠጋ ብለው፣ "እግዜር ያጽናሽ እህቴ፤ ሪሞቱ የት ነው ያለው?" አሉ። አራሚዋ አጠገባቸው ነበረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እሳቸው ግን ሪሞቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ሟች ጠበቡ። ቀጠኑ። ራሳቸውን መሰሉ። የሟች ባለቤት "ወይኔ፣ አሁን ገና እሱን መሰለልኝ!" ብለው ጮኹ፤ ልቅሶውም እንደ አዲስ ተነሳ።

መድኃኒት ቤት ያላት ጎረቤታቸውም የራሷ ታሪክ አላት። ወረፋ የያዘ ሰው ቆሞ ሳለ "አንዴ ብቻ፣ ሪዞሉሽኑን፣ የምስሉን ጥራት፣ ላስተካክልልሽ" ብለው ባንኮኒውን አልፈው ገቡ። አንድ ነገር ነኩ፤ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ።

"ምን አደረጉት?" አለች ባለ መድኃኒቷ።

"ማንም ምንም እንዳይነካ!" ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። "ይመለሳል።"

"ካልተመለሰስ?"

"ይመለሳል ስልሽ! እንዲህ ልያዘው ወይስ ልመልሰው ብሎ ጠይቋል። ስክሪኑ ስለጠፋ ጥያቄውን አላየነውም። መልስ ካጣ ራሱ ወደነበረበት ይመለሳል። ጨዋ ነው።"

ሳል የያዘው ሳሉን ዋጠ። ሕፃን ያዘለችው እሹሩሩ ማለቷን አቆመች። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ሰልፈኛው አጨበጨበ። "አያችሁ?" አሉ ክቡርነታቸው፤ "ዝም ሲሉት ወደነበረበት የሚመለስ ሰው የት ይገኛል?"

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው የገዛ እህታቸውን ማሽን ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩት። አንድ ቀን ታዲያ እህትየው ጠራቻቸው።

"ጋሼ፣ እስቲ ፊደሉን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ።"

ከፍ አድርግልኝ! ለጋሼ ጥራት ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አልነበረም። ማስተካከያውን ከፈቱ፤ ሪዞሉሽን የሚለውን እስከ ጣሪያው ሰቀሉት። ፊደላቱ ጉንዳን አከሉ።

"ኧረ አነሰ!"

"ከፍ አድርግ አላልሽም? ከፍ ብሏል።"

"እኔ የማየው ሲያንስ ነው።"

"ከፍ ስላለ ነዋ ያነሰው!"

"ከፍ ብሎ እንዴት ያንሳል? አማርኛ ተለወጠ እንዴ?"

"ስሚኝ እህትዓለም። ስክሪን ማለት የተቆጠረ ነጠብጣብ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ልክ አለው። በልኩ ስታሠሪው ፊደሉ ያንሳል፣ ግን ይጠራል። ከልኩ ስታወርጂው ትንሹን ሥዕል ለጥጦ ለትልቁ ቦታ ያለብሰዋል፤ የልጅ ሸሚዝ ሽማግሌ ላይ እንደማለት ነው። እይው እስቲ አሁን፣ ጢም ይላጭበታል እኮ!"

አራሚዋ አየችው። ማለትም ወደዚያ ዞረች። ያን ጊዜ "አይታየኝም" ብትል ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ ነበር። አላለችም። "አመሰግናለሁ ጋሼ፤ ጥሩ ነው" ብላ ሸኘቻቸው።

ያላለችበት ምክንያት ነበራት። እናታቸው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረው "ማነው የገባው?" ይሉ ነበር፤ የገባው ሰው ቀርቦ እጁን እስኪሰጣቸው ድረስም ፈገግታቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ያልታወቀ ፈገግታ። አራሚዋ ያን ፈገግታ ዛሬም ታየዋለች። መጀመሪያ መንገድ ላይ የሰው ፊት ሲደበዝዝባት፣ ኋላም የመብራት ዳር ዳር ጭጋግ ሲይዝባት፣ በአፏ ካልተናገረችው የማይሆን ይመስል ዝም አለች። በፊደል የምትኖር ሴት ዓይኗን ስትፈራ የምትነግረው ሰው ይጠፋታል።

ስለዚህ ወንድሟ በወጡ ቁጥር ሪዞሉሽኑን በገዛ እጇ ማውረድ ጀመረች። ሲወርድ ፊደሉ ይተልቃል። ዳር ዳሩ ግን ውኃ እንደነካው ቀለም ይሆናል። ይሁን፣ ትልቅ ነው ብላ ታነባለች። ጋሼ ጥራት በሳምንቱ ብቅ ይላሉ፤ ገና ከበር፣ "አልጠራም!"

"ማነው የነካው?"

"እኔ እንጃ።"

"እንግዲያው ማሽኑ ይረሳል ማለት ነው" ብለው ደመደሙ፤ እህታቸው እንደማትዋሻቸው እርግጠኛ ነበሩ። ገመድ ቀየሩ። የስክሪኑን መስተዋት በጨርቅ ወለወሉ። ያችን ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናሏን፣ ከፍተው ትእዛዝ እየጻፉ ማሽኑን በጥያቄ አፋጠጡት፤ የተሰካብህ ስክሪን ማነው? ልኩ ስንት ነው? አሁን በስንት እየሠራህ ነው? ማሽኑ ሁሉንም በትክክል መለሰ። ይሄ ይባስ አሳሰባቸው። "ጤነኛ ነኝ የሚል በሽተኛ ነው የሚያስቸግረው" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። አራሚዋ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ የወንድምና የእህት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን አንድ ቀን ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ አዘጋጁ ነው፤ ትሑት ሰው ነው፤ መጥፎ ወሬ ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጠረገ።

"እትዬ፣ ያ የሕፃናት አያያዝ መጽሐፍ…"

"አዎ?"

"ማተሚያ ማሽን ላይ ከወጣ በኋላ ነው ያየነው። ላንብብልዎት? 'ሕፃኑ በየጠዋቱ ለጥቂት ደቂቃ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ጡት ይጠባል።'"

ይሞቃል ነበር የሚለው። ፀሐይ ይሞቃል። የታ ክንድ ደብዝዞ ቃ መስሏት አልፋዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ይህን የመሰለ ግድፈት ከሌሎች ጽሑፍ ላይ እየለቀመች ስትስቅ የኖረች ሴት፣ አሁን ስልኩን ይዛ መሳቅ አቃታት።

"ማሽኒስቱ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤" አለ አዘጋጁ፤ "ግን እትዬ፣ ሕፃኑን በየጠዋቱ እየገደልን መቀጠል አንችልም። አንድ ረቂቅ ልኬልዎታለሁ። አለቃዬ ይሄኛውን አይቼ እወስናለሁ ብሏል። እኔ ለእርስዎ ተከራክሬያለሁ።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። እዚያ ከማሽኑ ጋር ሲታገሉ የቆዩት ክቡር ጋሼ ጥራት በደስታ ፈክተው እየጠበቁ ነበር።

"መፍትሔ አገኘሁ! ዘበኛ አቆምኩበት።"

"የምን ዘበኛ?"

"በየደቂቃው ዞር እያለ የሚያይ ትእዛዝ ጻፍኩበት። ማሽኑ ልኩን ረስቶ ወርዶ ከተገኘ፣ ጎትቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ከእንግዲህ ቢፈልግ ይርሳ!"

በማግስቱ ጠዋት አራሚዋ አዲሱን ረቂቅ ከፈተች። ሪዞሉሽኑን አወረደች። ፊደሉ ተለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀመረች፤ ግሱ ላይ ሳትደርስ ስክሪኑ ብልጭ አለና ፊደላቱ ወደ ጉንዳንነታቸው ተመለሱ። አወረደች። ዘበኛው ሰቀለ። አወረደች። ሰቀለ። የማጉያ መነጽር አምጥታ ስክሪኑ ላይ ለጠፈች፤ መስመሩ የት እንደጀመረ ጠፋት። ግንባሯ መስተዋቱን እስኪነካ ተጠጋች። ግማሹ ጠዋት አልፎ ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ናት። ያነበበችውንም አላመነችውም፤ እያንዳንዱ ቃ ታ መሰላት፣ እያንዳንዱ ታም ቃ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኩን አነሳች።

"ጋሼ፣ ዘበኛህን አንሣልኝ።"

"ምነው? አልሠራም?"

"ሠርቷል።"

"ታዲያ?"

"ማሽኑ አይረሳም። እኔ ነኝ የማወርደው። ሁልጊዜም እኔ ነበርኩ።"

"አንቺ? ለምን ብለሽ?"

"አይታየኝማ።"

ስልኩ ከወዲያ በኩል ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአንቱታ መተረክ አይሆንም። የመጣው ጋሼ ጥራት አይደለም፤ ወንድሟ ነው። ያን ገመድ የሞላበት ቦርሳውን አልያዘም። ስክሪኑን አላየውም። ወንበሯን ከጠረጴዛው ስቦ ወደ መስኮቱ አዞረው፤ አስቀመጣት፤ አገጯን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገው። ደንበኞቹን አትተንፍሱ የሚላቸው ሰው፣ አሁን እሱ ራሱ አልተነፈሰም።

"የግራሽ ላይ ነጣ ያለ ነገር አለ" አለ ቀስ ብሎ። "የቀኙም ጀምሮታል። ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ዓመት አልፎታል።"

"ዓመት! ለኔ ሳትነግሪኝ?"

"አንተ መቼ ጠየቅከኝ? የምትጠይቀው ማሽኑን ነበር።"

እጁን ከአገጯ አላነሳም። "እውነትሽን ነው" አለ። ቆይቶም፣ "የእማዬ ነው ብለሽ ፈርተሽ ነው?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እሱም ነቀነቀ። ስለ እናታቸው እንዲህ በአንድ ላይ ነቅንቀው አያውቁም።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"ረቂቁስ? አንዴ ካመለጠኝ እኮ ሌላ አይልኩልኝም ጋሼ።"

"ረቂቁን ዛሬ ታነቢዋለሽ።" ወደ ጠረጴዛው ዞረ። መጀመሪያ ዘበኛውን ሰረዘው። ቀጥሎ እሷ ሪዞሉሽኑን ያወርደዋል ብላ ስትጠብቅ እሱ አልነካውም፤ እልፍ ብሎ ሌላ መስመር ላይ ሄደ። "ይኸውልሽ፣ ስህተቴ እዚህ ጋ ነው። ከፍ አድርግ ስትዪኝ ስኬሉን፣ የፊደሉን መጠን፣ ነበር ማሳደግ የነበረብኝ። ነጠብጣቡ እንዳለ ይቆያል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ግን ብዙ ነጠብጣብ እናድለዋለን። ይተልቃልም፣ ይጠራልም።"

"ሁለቱም ይሆናል?"

"ሁለቱም።"

"እስካሁን ሁለቱም ይሆን ነበር?"

"ይሆን ነበር" አለ፤ ጆሮው ቀላ።

ተጫነ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ፊደላቱም መጡ። ትልልቅ ሆነው፣ ጠርዛቸው በምላጭ የተቆረጠ መስሎ መጡ። የቃ ክብ ቀለበቱ፣ የታ መስቀለኛ ክንዱ፣ የሩ ጭራው፣ የሊ ቅጥያው፣ አንድ በአንድ፣ ሠልፍ እንደያዘ ሕፃን ሁሉም የየራሱን ፊት ይዞ ቆመ። አራሚዋ ከወንበሯ መደገፊያ ሳትነሳ አነበበቻቸው።

"ይበቃል?"

"ትንሽ ጨምርልኝ።"

ጨመረ። መስኮቱ ከስክሪኑ ሊያመልጥ ደረሰ፤ ሰዓቱ ጥግ ላይ ተጨመደደ፤ የፕሮግራሞቹ ምልክቶች እንደ ዱባ ተከመሩ። ዕድሜውን ሙሉ ለመጠን የኖረ ሰው ዓይን እያየ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ወንድሟ ግን አደረገው። እንዲያውም፣ "ልጨምርልሽ?" አለ።

እሷ አነበበች። እሱ ከኋላዋ ተቀምጦ ዋለ። አልፎ አልፎ፣ "ምን አገኘሽ?" ይላታል፤ እሷም "'አበላሸው' የሚለውን 'አበላሽው' ብሎታል" ትለዋለች፤ እሱም ነብር የገደለች ይመስል "ጎበዝ!" ይላል። በቀጣዮቹ ቀናትም እንዲሁ እየተመላለሰ አስጨረሳት። ረቂቁን መለሰች። አዘጋጁ ደውሎ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ "እትዬ፣ አለቃዬ ሁለት ሌላ ሰው አስነብቦት ምንም አላገኙም። ቀጣዩን ልላክልዎት?" አላት። "ላክ" አለችው።

ሐኪም ቤት ግን እንዳለው በማግሥቱ ነበር የሄዱት። የዓይን ሐኪሟ አራሚዋን ከፊደል ሰሌዳው ትይዩ አስቀምጣ መስተዋት እየቀያየረች፣ "ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?" ትላለች።

"የመጀመሪያው!" የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል።

"አባባ፣ እርስዎን አይደለም የጠየቅኩት።"

"እሺ፣ እሺ። ግን ሰሌዳው ላይ ያ መብራት ሲያንጸባርቅ ምኑ ይታያል?"

ሐኪሟ ሰሌዳውን አየች፤ ተነስታም መብራቱን አዞረች።

ስትጨርስ ወንበሯን አራሚዋ አጠገብ አቀረበች። "የዓይን ሞራ ነው፤" አለች፤ "በቀዶ ሕክምና ይነሳል። በሁለቱም። በጊዜ ነው የመጣሽው።"

አራሚዋ የሰማችውን እንደገና አስደገመቻት። ከዚያ፣ "እናታችንስ?" አለች፤ የእናታቸውን ዓይን፣ ነጩን፣ ጭጋጉን፣ እንዴት ቀስ በቀስ እንደመጣ ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሳላያቸው ምን እላለሁ፤ ይሄው ሊሆን ይችላል" አለች።

ወንድምና እህት አልተያዩም። "ያኔ ማን ነገረን" አለ ወንድሟ፣ ለማንም ሳይሆን።

የቀዶውን ቀጠሮ ይዘው ወጡ። በእንግዳ መቀበያው በኩል ሲያልፉ ግድግዳው ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ስክሪን ተሰቅሏል። ዜና ነው። አንባቢዋ ወደ ጎን ተለጥጣ ፊቷ ትሪ አክሏል። አራሚዋ እንኳ በሁለት ደካማ ዓይኗ አይታዋለች። ወንድሟ ግን መሬት መሬቱን እያየ፣ ክርኗን ይዞ፣ እርምጃውን አፈጠነ። ልክ እንደታዘዘ ልጅ ነበር የሚሄደው።

ቆመች።

"ጋሼ።"

"ወዬ።"

"አላየኸውም?"

"ምኑን?" አለ፤ ከአንገቱ በላይ ቀልቶ። ከዚያ፣ "አይቼዋለሁ። ዛሬ ይቅር። ዛሬ ያንቺ ቀን ነው።"

ግድግዳው ሥር ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር አለ። አራሚዋ ጎትታ ስክሪኑ ሥር አደረገችው፤ በእጇ ነቅነቅ አድርጋም አለመወላገዱን አረጋገጠች። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና አሉ። ክንዷን ዘረጋችለት።

"ኮትህን ስጠኝ" አለችው።